ያላረፈው ብረት

ለጠብ ነበር የሄድኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ኋላ ላይ አስተዋይ ሰው አድርጎ እንዳይቆጥረኝ ነው። የምመራው ትምህርት ቤት ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ሊሠራ መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ሲሚንቶው ገብቶ፣ ብረቱም ደርሶ ነበር። ታዲያ ብረት አጣፊው አንዱን ፌሮ ማጠፊያው ላይ አድርጎ ጎበጥ ሲያደርገው ቆዳው ተሰነጣጠቀ። ሌላ አነሳ፤ እሱም ያው ሆነ። «ዳይሬክተር፣ በዚህ ብረት የልጆች ጣሪያ አላቆምም፤ ኃጢአቱን አልችለውም» ብሎ መሣሪያውን ጣለ። እኔም ክንድ የምታህል ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ደሜ እንደፈላ፣ ወደ ብረት ፋብሪካው ገሰገስኩ።

የበሩ ዘበኛ ቀጠሮ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ቀጠሮዬ ይኸው ብዬ ጋዜጣውን ፈታሁለት። እሱ ሲቆጣ፣ እኔ ስቆጣ፣ ሄልሜት ያጠለቀች አንዲት ወጣት ሴት ከውስጥ ብቅ አለች። ፋብሪካው በቅርቡ የቀጠራት ኢንጂነር ነበረች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ብረቱ ላይ ቀረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላየው?»

ሰጠኋት። ወደ ፀሐይ አዙራ ተመለከተችው፤ በቁልፏ ጫፍ አንዱን ስንጥቅ ፋቅ ፋቅ አደረገችና ፊቷ ከበድ አለ።

«ጌታዬ፣ ሊጣሉ ነው የመጡት አይደል?»

«እንግዲህ ልመርቃችሁ አልመጣሁም» አልኳት።

«እውነት አለዎት። ብረቱ ይቀየርልዎታል፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልለምንዎት። ይህን ጠብዎን ለትንሽ ጊዜ ያውሱኝ። እዚህ ቤት እኔ ብናገር የማይሰሙኝ ሰው አሉ፤ ከእርስዎ እጅ ቢያዩት ግን ምናልባት ያዩታል።»

ስንት ዓመት ሳስተምር ጠቤን የተዋሰኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ቁጣዬም ወዴት እንደሄደ ሳላውቅ ተከተልኳት።

ግቢውን ስናቋርጥ ነገሩን አስረዳችኝ። ፋብሪካው ያረጀና የወዳደቀ ብረት ሰብስቦ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያቀልጣል። የቀለጠው ብረት ፈሶ ቢሌት የሚሉት አራት ማዕዘን ግንድ ይሆናል። ግንዱ እንደጋለ በሮለር ጨፍልቆ ወደሚያቀጥነው መዳመጫ ቢገባ ወዲያው ፌሮ ሆኖ በወጣ ነበር። እነሱ ግን አይነኩትም፤ ግቢው ውስጥ ደርድረው እስከ ማግስቱ ያበርዱታል። በማግስቱ ደግሞ ጥቁር ናፍጣ በሚነድበት ሌላ ምድጃ እንደገና ያግሉታል። በግራም በቀኝም የተደረደሩትን ግንዶች አየሁ። በአጠገባቸው ሳልፍ ሙቀታቸው ፊቴን ይገርፈኛል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ማንንም ሳይጠቅም ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከናፍጣው ምድጃ የሚወጣው ጥቁር ጭስም በእኛ ትምህርት ቤት መስኮት የሚገባው፣ የልጆቹን ደብተር የሚያጠለሸው ጭስ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

«አንዱን ብረት ሁለት ጊዜ የምታግሉት ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ብረቱ ማረፍ አለበት ስለሚባል። ይህን ያሉት የመዳመጫው ፎርማን ናቸው፤ ሠራተኞቹ አባ ይረፍ ይሏቸዋል። እሳቸው ካልፈቀዱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢያዝ ያላረፈ ብረት የሚነካ ሠራተኛ የለም። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ትልቁ ደንበኛችን፣ ድልድይ የሚሠራው ድርጅት፣ ሰዎቹን ይልካል። በጥቁር ናፍጣ ሁለተኛ የጋለ ብረት ከእንግዲህ አልገዛም ብሏል። ሳይበርድ የተዳመጠ፣ ስንጥቅም የሌለው ብረት ዛሬ ካላሳየነው ይሄዳል። እሱ ከሄደ ይህ በር ይዘጋል።» እርምጃዋን ቀነስ አደረገችና «ፎርማኑ አጎቴ ናቸው፤ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው» አለች።

አባ ይረፍ ከመዳመጫው ጎን ባለች በቆርቆሮ የተከለለች ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጓንታቸውን ይጠግኑ ነበር። ቅንድባቸውን እሳት ከበላው ቆይቷል፤ ደረታቸው ግን ገና የጎልማሳ ነው። ጥግ ላይ፣ እንጨት ላይ ከፍ ተደርጎ፣ የተሰበረ የቢሌት ቁራጭ ተቀምጧል። ሲያዩኝ ብድግ ብለው አግዳሚውን በእጃቸው ጠረጉልኝ።

«ይቀመጡ መምህር፣ ይቀመጡ። አንቺ ደግሞ ዛሬ ምስክር ይዘሽ መጣሽ?»

ቁራጩን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። አንጥረኛ ሥራው ሲነቀፍ ምን እንደሚሰማው ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ልጣላቸው ለመጣሁት ሰው ማዘን ጀመርኩ።

«ከእኛ ቤት ነው የወጣው?» አሉ።

«ምልክታችሁ አለበት አባት።»

«ያረፈ ነው?»

ልጅቱ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ቤት ያላረፈ ብረት ወጥቶ ያውቃል?» አለቻቸው።

«እንግዲያው በደንብ አላረፈም ይሆናላ!»

ይህን መልስ እኔ አውቀዋለሁ። ልጁ አልማር ሲል ተጨማሪ ጅራፍ እንዲገዛለት የሚያስበው ወላጅ መልስ ነው። መድኃኒቱ ካልሠራ ይጨመር እንጂ መድኃኒቱ ይመርመር የሚል የለም። ይሁን እንጂ ሰውየው የተናገሩት በትዕቢት ሳይሆን በጭንቀት ስለነበር አፌን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ የደንበኛውን ነገር አስበውበታል?» አለች።

«አስቤበታለሁ። ይገርመኛልም። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስሠራ ውፍረቱን ጠይቀውኛል፣ ርዝመቱን ጠይቀውኛል። ጭሱን የጠየቀኝ ግን የለም። ብረት ለመግዛት ጭስ ምን ቤት ነው?»

«ያኔ ዓለም ብረት ይርበው ነበር ጋሼ። በተለይ አንድ ትልቅ አገር ከተማ ሲገነባና ሐዲድ ሲዘረጋ የተመረተውን ሁሉ ይውጠው ነበር። አሁን የእሱ ግንባታ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ምድጃዎቹ ግን አልጠፉም። የተረፈውን ብረት በርካሽ በየአገሩ ይረጩታል። በርካሽነት ከእነሱ ጋር ልንወዳደር ብንል አንድ ዓመት አንቆይም።»

«ታዲያ አለቀልን በይኛ፤ ምን ያዞርሻል!»

«አላለቀልንም። ፍላጎቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልሞተም። ገና ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ድልድይ የሚሠሩ አገሮች ሞልተዋል። የነፋስ ኃይል ማመንጫው ማማ ብረት ነው፤ የመብራት መስመሩ ምሰሶ ብረት ነው። ነገር ግን የዛሬ ገዢ ብረቱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይፈልጋል። ዓለም ከምታጨሰው ጭስ ከመቶ ሰባት ስምንት እጁ ከብረት ሥራ ነው የሚወጣው። የሚገባው ዕቃ ስንት ጭስ እንዳስወጣ ለክተው በድንበራቸው ላይ ማስከፈል የጀመሩም አሉ። ደንበኛችን የድልድዩን ብድር ያገኘው እንዲህ ካሉት ሰዎች ነው፤ እነሱ ሲጠይቁት እሱም እኛን ይጠይቀናል።»

«የሀብታም ቅንጦት ነው። እኛ ስንት ብናጨስ ነው?»

«እኛ እኮ ዕድለኞች ነን ጋሼ። ከማዕድንና ከድንጋይ ከሰል ተነስቶ ብረት የሚሠራው ሰው ጭሱን ለመቀነስ ፋብሪካውን አፍርሶ መሥራት አለበት። እኛ ያረጀ ብረት በኤሌክትሪክ ነው የምናቀልጠው፤ ግማሹን መንገድ ሳናውቀው ሄደናል። ከዚያ ያንን ሁሉ በናፍጣው ምድጃ እናበላሸዋለን። መምህሩ ይንገሩዎት፤ ጭሱ የሚገባው የሀብታም ቤት አይደለም።»

ወደ እኔ ሲመለከቱ፣ በክረምት መስኮት ዘግተን እንደምናስተምር፣ በበጋም የሚያስሉትን ሕፃናት ወደ ኋለኛው ክፍል እንደማዛውር ነገርኳቸው። አባ ይረፍ አንገታቸውን ደፉ።

«ጭሱን ልተወው» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ያረጀ ብረትስ አያልቅም?»

«ዱሮ የተሠራው ሕንፃና መኪና ሁሉ እያረጀ ይመጣል። ገና ብዙ ይመጣልናል። ብረት ደግሞ ስንት ጊዜ ቢቀልጥ ብረትነቱን አይተውም፤ እኛ ካላበላሸነው።»

«እንዴት ነው የምናበላሸው?»

«ሳንለቅም ስንጨምረው። ሞተሩን ከነመዳብ ሽቦው ስንወረውረው።»

«ብረት ብረት ነው ልጄ! እሳቱ ሁሉንም ያስተካክለዋል።»

«እሳት መዳብን ከብረት ውስጥ አያወጣውም ጋሼ። ግንዱ ሲግል ላይ ላዩ ብረት ተቃጥሎ ይረግፋል፤ መዳቡ ግን አይቃጠልም፣ እዚያው ቆዳው ሥር ይጠራቀማል። ቀልጦም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ መዳመጫው ሲጫነው ይሰነጠቃል። የመምህሩ ብረት የሆነው ይህ ነው። ቢያርፍም ተሰነጠቀ።»

አባ ይረፍ ጓንታቸውን አግዳሚው ላይ ወረወሩ።

«ይህን ትምህርትሽን ለማያውቅ ንገሪ! እኔ ያላረፈ ብረት ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይቅርታ መምህር። የዚህችን ልጅ አባት፣ ታናሽ ወንድሜን፣ የበላው ያላረፈ ብረት ነው። እዚህ በር ላይ ቆመን ነው። ይህ ሙቀት ለምን ይባክናል፣ እንደጋለ እናስገባው አለኝ። ተው አልኩት። ሳቀብኝ። አስገባው። ግንዱ ሮለሮቹ መሐል ተሰብሮ ተመልሶ መታው። ይህች ልጅ ገና ዳዴ ትል ነበር። የተሰበረው ያውና፤ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አሳየዋለሁ። ወንድሜን የገደለው ችኮላው ነው።»

ከውጭ የሮለሮቹ ጉርምርምታ ይሰማል። ልጅቱ እጆቿን አጣጥፋ ወለሉን ታያለች።

«ስሮጥ፣ ምግብ ፈጥኜ ስበላ፣ ፈተና ቀድሜ ጨርሼ ስወጣ፣ እንደ አባትሽ አትቸኩዪ እያሉ ነው ያሳደጉኝ» አለች። «አባቴን የማውቀው በዚህ ብቻ ነው። ጋሼ፣ ያንን ቁራጭ ልሞርደው?»

ሽማግሌው ደነገጡ። ያን ብረት ከዚያ ቀን ወዲህ የነካው ሰው አለመኖሩን ከፊታቸው ተረዳሁ። ምን እንደጠረጠረችም የገባቸው መሰለኝ፤ ምክንያቱም እምቢ ለማለት አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። በመጨረሻ ሞረዱን ከግድግዳው አውርደው ራሳቸው ሰጧት።

ተንበርክካ በስብራቱ ጠርዝ ላይ ሞረደች። ዝገቱ ረገፈ፤ ከሥሩ ግራጫው ብረት ታየ። ትንሽ ቆይቶ በግራጫው መሐል ቀይ ክር ወጣ። ወደ ጎን ሞረደች፤ ክሩ ሰፋ፣ ወደ ስንጥቁም ገባ። አባ ይረፍ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ጠረጉት። እኔ ስለ ብረት የማውቀው የክፍል በር ሲጢጥ ሲል ብቻ ነው፤ ያ ቀለም የብረት እንዳልሆነ ግን ለእኔም ታወቀኝ።

«መዳብ ነው» አሉ።

«መዳብ ነው ጋሼ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ቀጠሉ።

«የዚያን ሰሞን የውሃ ፓምፕ ሞተሮች መጥተው ነበር። አሮጌ፣ ትልልቅ። ሽቦውን እናውጣው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ማቅለጫው ላይ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ብረት ብረት ነው፣ ወርውሩት አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ልጅቱ ሞረዱን ጥላ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ማንም አያውቅም ነበር ጋሼ። የነገረዎት አልነበረም። እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ይህን ጥርጣሬ ልናገር እያልኩ ስሸሽ ነው የቆየሁት። ዛሬ በሩ ሊዘጋ ባይደርስ ዝም ብዬ እቀር ነበር።»

«እረፍቱስ ታዲያ?» ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። «ይህን ያህል ዘመን ያሳረፍነው ብረት ማንንም አልመታም እኮ!»

«ሲበርድ ስንጥቁ ስለሚታይዎት ነው። መጥፎውን ጠዋት ጠዋት እያዩ ያስወጡታል። ሰዉን ያዳነው እረፍቱ አይደለም፤ የእርስዎ ዓይን ነው። ዓይን የማያየው ቀጭኑ ስንጥቅ ግን አምልጦ መምህሩ ጋ ደረሰ።»

ለሰው መልካም ነገር ማስተማር ቀላል ነው ብዬ አምን ነበር፤ እውነቱን መንገር ብቻ ይበቃል ባይ ነበርኩ። ያን ቀን ግን አየሁ። እኚህ ሰው ልማዳቸውን የያዙት አለማወቅ ስለጣማቸው አይደለም። ልማዱን የሠሩት በወንድማቸው ሞት ላይ ነው፤ እሱን ማንሳት ሬሳውን እንደገና ማውጣት ነበር። ልጅቱ ይህን ስለምታውቅ በአንድም ቃል አልኮነነቻቸውም። እኔ ብሆን ኖሮ ማርክ እሰጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የደንበኛው ሰዎች ደረሱ። ምድጃው የሚያቀልጠው ኢንጂነሯ ሰሞኑን በእጅና በማግኔት ያስለቀመችውን ብረት ነበር። ሠራተኞቹ ጉጠታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የሚያዩት ግን የፎርማናቸውን አፍ ነው። አባ ይረፍ ወደ መሐል ገቡ።

«ስሙኝ» አሉ። «እዚህ የተቀጠራችሁትን ሁሉ ያንን ስባሪ አሳይቼ ስለ ወንድሜ ነግሬያችኋለሁ። የነገርኳችሁ ልክ አይደለም። ወንድሜን ችኮላ አልገደለውም። ወንድሜ ያለው ልክ ነበር። ብረቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ መዳብ ያለበትን ሳላስለቅም አስወረወርኩት፤ ከዚያ ጥፋቱን በሟች ላይ ጣልኩ። ዛሬ የሚመጣው ብረት የተለቀመ ነው። ፈርቶ የሚወጣ ካለ አልቀየመውም። እኔ ግን ወንድሜ የቆመበት እቆማለሁ።»

የወጣ ሰው አልነበረም። እሳቸውም የባለሙያነታቸውን ሥራ ሠሩ፤ ከሮለሮቹ ፊት ወፍራም የብረት መከላከያ አስቆሙ፣ በግንዱ መውጫ መስመር ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አራቁ። ኢንጂነሯ አጠገባቸው ልትቆም ስትል በክርናቸው ገፋ አደረጓት።

«አንቺ ከመከላከያው ጀርባ ሁኚ። ከቤታችን አንድ ሰው ሄዷል፤ ይበቃል።»

ግንዱ ፍም መስሎ ከማፍሰሻው መጣ። አባ ይረፍ በጉጠት ጫፉን አቃንተው ለሮለሮቹ ሰጡት፤ እነሱም ጎረሱት። በዚያች ቅጽበት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ አልዋሽም። ስገልጠው ቀጭን ረጅም ቀይ ብረት በመንሸራተቻው ላይ እየሮጠ ነበር፤ ሙሉ፣ ሳይቆረጥ። ከበረደ በኋላ የደንበኛው ባለሙያ ወስዶ አጠፈው፤ ቀና አድርጎ እንደገና አጠፈው። ቆዳው ልስልስ እንዳለ ቀረ።

ይህ ከሆነ ከረምረም ብሏል። የናፍጣው ምድጃ ጠፍቶ የማከማቻ ክፍል ሆኗል፤ ለነዳጅ ይወጣ የነበረው ገንዘብም ወደ ሠራተኛው ደሞዝና ግንዱን በቀጥታ ወደ መዳመጫው ወደሚያደርሰው አዲስ መንሸራተቻ ሄዷል። ደንበኛው ውሉን አድሷል፤ ከጎረቤት አገርም ጭሱን የሚጠይቅ ሌላ ገዢ መጥቷል። ቁርጥራጭ የሚሰበስቡት ሰዎች መዳቡን ለይተው ስለሚሸጡ ከበፊቱ የተሻለ ያገኛሉ። ግቢው ውስጥ የሚደረደር ግንድ ስለሌለ በመሐላቸው ሲያልፍ የሚቃጠል የሠራተኛ እግርም የለም። የእኔ ክፍሎች ቆመዋል፤ መስኮቶቻችን ክፍት ናቸው፤ የሚያስል ልጅ ባይጠፋም ወደ ኋላ የማዛውረው የለኝም። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ያለውን ልማድ ሁሉ ጣል አልልህም። ማን፣ መቼ፣ ምን አይቶ እንዳዘዘው ግን ጠይቅ። የጠየቅከው ሰው ቢያለቅስ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ በል።

በሙከራው ቀን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አጎትየውና ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ መዳመጫው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልሰናበታቸው ስጠጋ ኢንጂነሯ የምትናገረውን ሰማሁ።

«ጋሼ፣ አባቴ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

አባ ይረፍ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱና፣ «ሲዘፍን ድምፁ አያምርም ነበር» አሉ። «ግን ያዘፍኑት ነበር፤ እሱ ከዘፈነ ሁሉም ሰው ይስቃላ። አንቺ የተወለድሽ ለት ጉጠቱን ጥሎ ከዚህ እስከ ቤት ሮጧል። በሥራ ልብሱ፣ ፊቱ ጥላሸት እንደሆነ። አዋላጇ አላስገባም ብላው በመስኮት ነው ያየሽ።»

«ቸኩሎ?»

«ቸኩሎ» አሉ፤ እንባቸውም ወረደ። «እንዴት ያለ ደስ የሚል ችኮላ ነበር መሰለሽ።»

ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።